ለዘፈን አልሰፋም

ሜልበርን፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ አማረች፦

አዲሱ ዓመት በጤናና በደስታ ገባልዎት? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእርስዎ መራቅና ከዚህ አገር ብርድ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

በስልክ ብደውል እንደማይሰማዎት ስለማውቅ፣ እንደተለመደው ይህን በቴሌግራም ለሚኪያስ ልኬዋለሁ። በፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ ያመጣልዎታል። ሚኪያስ፣ ማንበብህ አይቀርምና አንተንም ሰላም ብያለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዬ ሌላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው አሥራ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ሁሉም የእኛው አገር ሰዎች ልጆች ናቸው፤ የአሰላ፣ የሻሸመኔ፣ አንዷ እንዲያውም የኩየራ። መጋቢት 20 ቀን በከተማው በዓል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ተሰጥቶናል። ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቼ ነው ያገኘሁት። ልጆቹ አንድ ዓይነት ጉርድ ለብሰው እንዲወጡልኝ እፈልጋለሁ፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ሰፋ ያለ። የወገባቸውንና የቁመታቸውን ልክ ከነስማቸው በሌላ ገጽ ጽፌያለሁ።

እዚህ የሚሸጠውን አይቼዋለሁ፤ ሁለቴ ሲታጠብ የሚያልቅ ነው። እኔ ደግሞ የእርስዎ እጅ ያረፈበትን ነው የምፈልገው። ጎረቤቴ ዘሃራ እናቷን ልትጠይቅ ኅዳር መጨረሻ ላይ አዳማ ትመጣለች፤ ስትመለስ ይዛልኝ ትመጣለች።

ልጅዎ ጂቱ


አዳማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጂቱ ጉደታ፦

የጌታችን ሰላም በገባሽበትም በወጣሽበትም ይከተልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን እንደሆነ አርባ ዓመት የስፌት መኪና በላው፤ ሚኪያስ ጮሆ ሲያወራኝ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።

ደብዳቤሽን ሳነብ እልል ነው ያልኩት! በሰው አገር፣ በከተማ በዓል ላይ፣ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች አሰልፈሽ ልታዘምሪ! እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ ስትዪኝ እንግሊዝኛ ምናምን መስሎኝ ነበር። መዘምራን ናቸው ለካ! ሚኪያስም ዘማሪ አይደል፣ ከእኔ ብሶ እሑድ በጉባኤው ፊት አስጸለየላችሁ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ጸለየ።

ግን አላብራራሽልኝም። ሰፋ ያለ ማለት ምን ያህል ነው? ለእኛ መዘምራን የምሰፋው ባለ አራት ቁራጭ ነው፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ፈታ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን። እንደዚያ ላድርገው? ምን ምን እንደምትዘምሩስ? ሚኪያስ ማወቅ ይፈልጋል።

ብር አትላኪ። ጨርቁን ከገበያ ራሴ እገዛለሁ፤ የጌታ ሥራ ነው። ባለፈው ወር ሶደሬ ሆቴል የሚጨፍሩ ልጃገረዶች መጥተው ክሎሽ ስፊልን ብለውኝ ነበር። ክሎሽ ታውቂው የለ፣ ያ ቁራጩ ብዙ ሆኖ ሲዞሩበት እንደ ጃንጥላ የሚከፈተው። «ልጆቼ፣ ለዘፈን አልሰፋም፤ ይህን መኪናዬ ራሱ ያውቃል» ብዬ ሸኘኋቸው። አየሽ፣ እነሱን በመለስኩ በሳምንቱ ጌታ ያንቺን ሥራ ላከልኝ።

አክስትሽ አማረች


ሜልበርን፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አማረች፦

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ስለ ደስታዎ በጣም አመሰግናለሁ። ስለምናቀርበው ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል። ብቻ ልጆቹ መድረክ ላይ ብዙ ስለሚንቀሳቀሱ በደንብ ይስፋ። ከመዘምራኑም ይበልጥ ይስፋ እትዬ።

ጂቱ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጂቱ፦

ጸጋው ይብዛልሽ። ዘሃራ ትናንት መጥታ «አካም ጂርቱ» ብላ ሰላም ስትለኝ ድምጿን አልሰማሁም፤ አፏን አይቼ ነው «ነጋዳ» ያልኳት። ያማረባት ልጅ! ዛሬ ጉርዶቹን አስረክቤያታለሁ።

አሥራ ሁለቱም ከጥሩ ተትረን ጨርቅ የተሠሩ ናቸው። ብርሃን እንዳያሳልፉ ገበር አድርጌባቸዋለሁ። ስለ ስፋቱ ያልሽውን አስቤበት፣ ከእኛ መዘምራን በሁለት ጣት አስፋሁት። ከዚያ በላይ ግን ለሴት ልጅ ለምን? ሲዘምሩ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው እንጂ ሜዳ አይሮጡበት! እርዝማኔው ደግሞ እግራቸውን ደህና አድርጎ ይሸፍናል። የሁሉንም ስም በጠመኔ ጽፌበታለሁ።

ምን እንደምትዘምሩ እስካሁን አልነገርሽንም። ሚኪያስ «ረስታው ይሆን?» ይላል። ረስተሽው ነው?

አማረች


ሜልበርን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አማረች፦

ሚኪያስ፣ ይህን አንብበህ ስትደነግጥ ደብዳቤውን እንዳታስቀረው። ምንም ሳትቀንስ አትመህ ስጥልኝ።

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉርዶቹ ደርሰውኛል። ልጆቹ ለብሰው መስታወት ፊት ሲቆሙ እንዴት እንዳማረባቸው! ከዚያ ሙዚቃውን ከፈትኩ።

አዎ፣ ሙዚቃ ነው። መዝሙር አይደለም። እኔ የማስተምራቸው ጭፈራ ነው፤ የአርሲን፣ የሸዋን፣ የጉራጌን። መዘምራን ሆነው አያውቁም። እርስዎ በተደሰቱ ጊዜ ወዲያው ማረም ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ደብዳቤው በሚኪያስ እጅ ያልፋል እያልኩ ሰበብ ፈለግኩ። የፈራሁት ግን እርስዎን ነው። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ጉርዱ ለመራመድ ጥሩ ነው፤ ሲዘሉበት ግን እግር ያስራል። ሀሴት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ፤ እንደ ፌንጣ የምትዘለው እሷ ናት። ዘልላ ስታርፍ ጉርዱ ያዛትና በግንባሯ ተደፋች። ተነስታ ጉልበቷን እያሻሸች «ቲቸር ጂቱ፣ ይሄ ቀሚስ መጨፈር አይወድም» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሌላ ገዝተሽ አልብሻቸው የሚሉኝ አሉ። አልገዛም! ልጆቹ «የቲቸር ጂቱ አክስት አዳማ ሆና ሰፋችልን» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። ወይ በእነዚህ ጉርዶች እንወጣለን፣ ወይ መድረኩን ለሌላ እለቃለሁ። ከፈለጉ ይቆጡ፤ ብቻ ምን እንደማደርጋቸው ይንገሩኝ።

ሌላም አለ። የዘሃራ እናት ለዘሃራ ነግራት፣ ዘሃራ ለእኔ ነገረችኝ፤ እናቴ የሺዓለም በደርግ ጊዜ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ትጨፍር ነበር አሉ። ሰው ቆሞ ነበር አሉ የሚያጨበጭብላት። እኔ የገዛ እናቴን ነገር ሜልበርን ላይ ከጎረቤት ልስማ? ለምን አልነገሩኝም?

ጂቱ


ሜልበርን፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አማረች፦

እንደምን ሰነበቱ? አንድ ወር ሆነ። ሚኪያስን ብጠይቀው «ሰጥቻታለሁ» አለኝ። ለበዓሉ ሁለት ወር አይሞላም የቀረን። ልምምዱን አላቋረጥኩም፤ ልጆቹ በሱሪ እየተለማመዱ ነው። ጉርዶቹ አልጋዬ ላይ ናቸው። መልስ ይስጡኝ፤ ስድብም ቢሆን።

ጂቱ


አዳማ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጂቱ ጉደታ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለተቆጣሁ ነው፤ እወቂው።

ዋሸሽኝ። እኔ ያሳደግኩሽ ልጅ! ጉባኤ ሙሉ ሰው እኮ እጁን ዘርግቶ ጸልዮልሻል፤ ለጭፈራሽ! ሚኪያስ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አንብቤ፣ አጥፌ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ሥር ከተትኩት። ሦስት ሳምንት መኪናዬን አልነካሁም። ስድብም ቢሆን ብለሽ የለ? ይኸው ተሰደብሽ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እናትሽ ትጨፍር ነበር። ልብሷንም የምሰፋላት እኔ ነበርኩ። ከሁሩታ ናዝሬት ስንገባ ለሁለታችንም አንድ ሳጥን ነበረን፤ እኔ ስፌት ቤት ገባሁ፣ እሷ ኪነት። ክሎሿን ስቆርጥላት «አማሬ፣ ጨምሪ፣ ጨምሪ» ትለኝ ነበር፤ ቁራጩ ስምንት ካልደረሰ አትለብስም። በ1982 ሶደሬ ላይ ትልቅ ዝግጅት ነበራቸው። ልኳን ወስጄ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጨርቁን ሳልቆርጥ በዚያው ሰሞን ጌታን ተቀበልኩና፣ በቃ ለዘፈን አልሰፋም አልኳት። ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። የሰው ጉርድ ተውሳ ሄደች፤ ጠባብ ነበር። መድረክ ላይ ስትዘል ከታች እስከ ዳሌዋ ተቀደደ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀባት።

ከዚያ ቀን በኋላ እናትሽ አልጨፈረችም። እኔንም አልወቀሰችኝም፤ አንድ ቀን እንኳ። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺን በዘጠኝ ዓመትሽ ለእኔ ትታ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ጉርድ አላወራንም። ለምን አልነገሩኝም ላልሽው፣ አፍሬ ነው።

ያንቺን ደብዳቤ ደግሜ ሳነበው ያቺ ሀሴት መውደቋን ማለፍ አቃተኝ። ሌላ ልጅ በእኔ የተነሳ መድረክ ላይ እንዲሳቅባት አልፈልግም። ለዘፈን አልሰፋም ያልኩት ግን ቃሌ ነው። እንግዲህ ብዙ ጸለይኩ፣ ብዙ አሰብኩና እንዲህ አደረግኩ። ከዚያው ጨርቅ ሌላ ገዝቼ አርባ ስምንት ሦስት ማዕዘን ቆረጥኩ። ለአንዱ ጉርድ አራት አራት ይደርሰዋል። አልሰፋሁም፤ ቆርጬ ብቻ ነው የላክሁልሽ።

የጉባኤያችን ሽማግሌ አቶ ዲበኩሉ ነገሩን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። «እህት አማረች፣ ለዘፈን እየሰፋሽ ነው ይባላል» አሉኝ። «አልሰፋሁም። መኪናው ይኸው እንደተሸፈነ ነው። እየቆረጥኩ ነው» አልኳቸው። መኪናውን አዩት፣ መቀሱን አዩት፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

የምትሰፊው አንቺ ነሽ። አዎ አንቺ! በልጅነትሽ መርፌ ባሳየሁሽ ቁጥር ሆዴን አመመኝ እያልሽ የምትሸሺው። ስሚኝ። በየስፌቱ ውስጥ፣ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ትቻለሁ። ሁልጊዜ እተዋለሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል። መጀመሪያ ገበሩን አውጪው። ስፌቱን ከታች እስከ ጉልበት፣ ከዚያም አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ ፍቺና ሦስት ማዕዘኑን አስገቢበት። ሹሉ ጫፍ ላይ ስትደርሺ መርፌው ጨርቁን እንደወጋ አቁሚና ጨርቁን አዙሪው፤ አለዚያ ይጨማደዳል። ከዚያ ሁለት ቀን ሰቅለሽ ተይው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሰቀል ይወርዳል። ወርዶ ካበቃ በኋላ ነው ቁመቱን ከቁርጭምጭሚት አሳጥረሽ ጠርዙን የምትሰፊው። ከተቻኮልሽ አንዱ ጎን ረዝሞ ይቀርና መሳቂያ ትሆኛለሽ።

ይህን ሁሉ ወደዚያ የሚመጣው የዘሃራ ወንድም ኑዕማን በካርቶን ያደርስልሻል። ከካርቶኑ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። አሥራ ሁለቱን ጨርሰሽ ሳትሰቅዪ እንዳትከፍቺው። አውቅሻለሁ፣ ዛሬውኑ ልክፈተው ትያለሽ። እንዳትነኪው!

አማረች


ሜልበርን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናትም ለአክስትም ለሆኑኝ ለእትዬ አማረች፦

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እናቴ በነገሩኝ ቂም የለኝም እትዬ፤ ባይነግሩኝ ኖሮ ነበር የምቀየመው።

ከዘሃራ የስፌት መኪና ተውሼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሦስት ማዕዘን ገልብጬ ሰፋሁት፤ ሰፊው ወደ ላይ፣ ሹሉ ወደ ታች። ሀሴት አይታው «ኪስ ነው?» አለችኝ። ፈታሁት። ሁለተኛው ተጨማደደ፤ እሱንም ፈታሁት። ጣቴን ሁለቴ ወግቼዋለሁ። በሦስተኛው፣ ጫፉ ላይ መርፌውን ተክዬ ጨርቁን ሳዞረው ቀጥ ብሎ ገባልኝ! ብቻዬን ጮህኩ።

ቅዳሜ የልጆቹ እናቶች መጡ። ሦስቱ ስፌት ይፈታሉ፣ ሁለቱ ይተኩሳሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ትርፉን ሲያዩ ሁሉም «ይቺ ሴትዮ ይሄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር እንዴ?» አሉ። አያውቁም፣ ሰው ይወፍራል ብለው ነው አልኳቸው። ስምንቱ አልቀው ተሰቅለዋል፤ አራት ይቀሩኛል። እንዳሉኝ ጨርቁ ወርዷል፤ በአንዱ ላይ ሦስት ጣት ሙሉ።

ጥቅሉን አልከፈትኩም። አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ግን አየዋለሁ።

ጂቱ


ሜልበርን፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አማረች፦

እንኳን ደስ ያለዎት! ወጣን። አሥራ ሁለቱም ሲዞሩ ጉርዱ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ፤ ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። ማንም አልወደቀም፣ የማንም አልተቀደደም። ሀሴት ከመድረክ ስትወርድ «አሁን መጨፈር ለመደ» አለችኝ፤ ቀሚሱን ማለቷ ነው።

አሁን ስለ ጥቅሉ። አሥራ ሁለተኛውን ጨርሼ ሰቀልኩና፣ እጄን ታጥቤ ከፈትኩት። ያው ወይን ጠጅ ጨርቅ ነው። እንደሌላው ቁራጭ መስሎኝ ነበር። ሳነሳው ተዘረጋ፤ ባለ ስምንት ቁራጭ ክሎሽ። ወገቡ ላይ ከድሮ ደብተር የተቀደደ ወረቀት በመርፌ ተይዟል፤ «የሺዓለም፣ 1982» ይላል፣ ከሥሩ ልኳ አለ። ጉርዱን ገልብጬ ውስጡን አየሁ። ያንን ድርብ ስፌትዎን የትም ባየው አውቀዋለሁ። እትዬ፣ ይሄኛው እኮ የተሰፋ ነው። ጠርዙ ሳይቀር ተሰፍቶ ያለቀ ነው። ለዘፈን አልሰፋም ያሉት እርስዎ!

እኔ መድረክ የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም፤ አስተማሪ ነኝ ብዬ ከዳር ልቆም ነበር። ለበስኩት። ወገቡ ሦስት ጣት ያህል ጠበበኝ፤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩትና በመጨረሻው ዙር ገባሁ። ስዘል ጉርዱ ከእኔ ጋር ተነሳ። እያለቀስኩ ነበር የምጨፍረው፤ ሰው ላብ መስሎታል።

ጂቱ


አዳማ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጂቱዬ፦

የወለድሽውም የሰፋሽውም ይባረክልሽ። መውለዱ ገና ቢሆንም አስቀድሜ መርቄያለሁ። ሚኪያስ ቪዲዮውን በስልኩ አሳየኝ። ድምፁን አልሰማሁትም፤ ጉርዶቹን ግን አየኋቸው። ከግራ አራተኛዋ ልጅ ጠርዟ ተንጋዷል፤ ሁለት ቀን አልሰቀልሽውም፣ አትዋሺ።

አዎ፣ ያንን ሰፍቼዋለሁ። መኪናውን ገልጬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በሬን ከፍቼ ነው የሰፋሁት። አቶ ዲበኩሉ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ብዬ እሑድ ራሴ ሄድኩ። «አሥራ ሁለቱን ቆረጥኩ፤ አንዱን ግን ሰፋሁ» አልኳቸው። የዘንድሮውን የፋሲካ የመዘምራን ልብስ ለሌላ ሰፊ ሰጥተውታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰፋሁት ነው፤ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ንስሐ ግቢ ብለውኛል። በ1982 ላልሰፋሁት ገብቻለሁ አልኳቸው። ሚኪያስ ግን ትናንት መጥቶ፣ አዲሱን የመዘምራን ሱሪውን እኔ እንዳሳጥርለት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

እናትሽ ጉርዷን ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ አገኘች። እንደዘገየሁ አውቃለሁ።

ወገቡ ጠበበኝ ላልሽው፣ እሱ የእሷ ልክ ነው፤ ያንቺ አይደለም። በመርፌ ቁልፍ መጨፈር ደግሞ ነውር ነው! ውስጡ አራት ጣት ትርፍ አለው። ፍቺና አስፊው፤ አሁን መስፋት ታውቂያለሽ።

አክስትሽ አማረች